ዝም ሲባል የሚከፈልና ዝም ሲባል የሚቋረጥ ገንዘብ

ኦክቶበር 27 ቀን 2024 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተካሄደው የዶናልድ ትራምፕ የምርጫ ቅስቀሳ ላይ ኢሎን መስክ ከፌዴራሉ በጀት ምን ያህል መቁረጥ እንደሚቻል ተጠይቀው ቢያንስ 2 ትሪሊዮን ዶላር ሲሉ መለሱ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ ቀን አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ቀድሞ በተዘጋው የበጀት ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ በየዓመቱ እየመከረ የሚያጸድቀው ወጪ በሙሉ፣ መከላከያው፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥራ ማስኬጃ፣ የአየር በረራ ቁጥጥሩ፣ የጠፈርና የካንሰር ምርምሩ፣ የውጭ እርዳታው፣ የብሔራዊ ፓርክ ጠባቂዎች ደመወዝ ሳይቀር ተደምሮ 1.8 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ጦር ሠራዊቱ ቢበተን፣ ፍርድ ቤቶች ቢዘጉ፣ አውሮፕላኖችም ያለ ተቆጣጣሪ ቢበሩ እንኳ የተገባው ቃል ገና 200 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይጎድለው ነበር ማለት ነው።

ታዲያ የቀረው ወጪ የት ነው? በዚያው የበጀት ዓመት መንግሥት ካወጣው 6.8 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 4.1 ትሪሊዮኑ ለሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ፣ በዋናነት ለአረጋውያን የሕክምና መድን ለሆነው ለሜዲኬር፣ ለድሆች የሕክምና መድን ለሆነው ለሜዲኬይድና ለመሰሎቻቸው የተከፈለ ሲሆን 900 ቢሊዮን የሚጠጋው ደግሞ የብድር ወለድ ነው። በየዓመቱ የሚመከርበትን ክፍል የበጀት ሰዎች ዲስክሬሽነሪ ይሉታል፤ ጡረታንና ሕክምናን የያዘውን ትልቁን ክፍል ማንዳቶሪ። በአማርኛ ፈቃዳዊና ግዴታዊ ወጪ ብንላቸው ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ለእነዚህ ለሁለቱ ስም ያወጣላቸው ግን መልአክ አይመስለኝም። ግዴታዊ ከተባለው ውስጥ ሊቀነስም ሊሰረዝም የሚችል ሞልቷል፤ ፈቃዳዊ ከተባለው ውስጥም አንድ ቀን ቢጎድል ብዙ ነገር የሚያናጋ አለ። ልዩነቱን በትክክል የሚያሳየው ጥያቄ፣ በእኔ እምነት፣ ወጪው ምን ያህል አስፈላጊ ነው የሚለው ሳይሆን ኮንግረስ ዝም ቢል ገንዘቡ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ አንድ ክፍል 9 ላይ በሕግ ካልተፈቀደ በቀር ከግምጃ ቤት አንድም ሳንቲም እንደማይወጣ ይደነግጋል። ይህ ለሁሉም ወጪ ይሠራል፤ ፈቃዱ የሚሰጥበት መንገድ ግን ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው መንገድ ኮንግረስ ኦክቶበር 1 ቀን ለሚጀምረው የበጀት ዓመት 12 የበጀት ሕጎችን ያጸድቃል፤ በእያንዳንዱ ሕግ ውስጥ ለየመሥሪያ ቤቱ የተቆረጠ መጠን ይሰፍራል፤ ቀኑ ደርሶ ሕጉ ካልጸደቀ የዚያ መሥሪያ ቤት ኪስ ይዘጋል። በሁለተኛው መንገድ አንድ ጊዜ የወጣ ሕግ ማን ክፍያ እንደሚገባውና ክፍያው እንዴት እንደሚሰላ ብቻ ይናገራል፤ ጠቅላላ ድምሩን ማንም አይወስነውም። ድምሩ የሚታወቀው ዓመቱ ካለቀ በኋላ፣ ስንት ሰው ለጡረታ እንደደረሰ፣ ስንቱ ሆስፒታል እንደተኛና ስንቱ ከሥራ እንደወጣ ሲቆጠር ነው። በመጀመሪያው መንገድ ዝምታ ገንዘቡን ያቆመዋል፣ በሁለተኛው ያስኬደዋል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚለው አባባል በዋሽንግተን ቃል በቃል የሚሠራበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

የዝምታ ጉልበት በአንዲት ጡረተኛ ቼክ ላይ በግልጽ ይነበባል። በቨርሞንት ግዛት በሉድሎ ይኖሩ የነበሩትና በሕግ ቢሮ ጸሐፊነት ያገለገሉት አይዳ ሜይ ፉለር የመጀመሪያውን ወርኃዊ የሶሻል ሴኩሪቲ ቼክ የተቀበሉ ሰው ናቸው። ቼኩ ጃንዋሪ 31 ቀን 1940 የተጻፈ፣ ቁጥሩም 00-000-001 ነበር፤ መጠኑ 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም። ከደመወዛቸው በሦስት ዓመት የተቀነሰው ግብር 24 ዶላር ከ75 ሳንቲም ብቻ ነበርና፣ እስከ 100 ዓመታቸው ኖረው በ1975 ሲያርፉ ከ22 ሺህ ዶላር በላይ መቀበላቸው ብዙ ጊዜ እንደ ተአምር ይነገራል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ብዙም የማይነገረው የታሪኩ ክፍል ነው። በ1940 የመጣው 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም በ1945ም፣ በ1949ም ያው 22 ዶላር ከ54 ሳንቲም ነበር። በጦርነቱና ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ዋጋ ከ70 በመቶ በላይ ሲንር ቼኩ አልተነቃነቀም፤ ምክንያቱም ሕጉ ክፍያው ይቀጥል ይላል እንጂ ይደግ አይልም ነበር። ኮንግረስ በ1950 ሕጉን አሻሽሎ ቼካቸውን 41 ዶላር ከ30 ሳንቲም እስኪያደርሰው ድረስ ጡረተኛዋ ግዴታዊ ክፍያቸውን ሳይቋረጥባቸው እየተቀበሉ በየዓመቱ ይደኸዩ ነበር።

ከዚያም በኋላ ለሃያ ዓመታት ጭማሪ የሚመጣው ኮንግረስ ድምፅ ሲሰጥ ብቻ ነበር፤ የምርጫ ዓመት ሲደርስ መምጣት እንደሚወድ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። በ1972 የወጣው ሕግ ነገሩን ቀየረው፤ ከ1975 ጀምሮ ጡረታው ከዋጋ ንረት ጋር በራሱ ከፍ እንዲል ተደረገ። የፕሮግራሙ ስም አልተለወጠም፣ ክፍሉም ያው ግዴታዊ ነው፤ የተለወጠው ዝምታ የሚያደርገው ነገር ነው።

በተቃራኒው በኩል በ1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙበትን የድጎማ ማሻሻያ ሕግ ማየት ይቻላል። ከዚያ በፊት ልጆች ላሏቸው ድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው የገንዘብ ድጎማ ብቁ ለሆነ ሁሉ የሚከፈል መብት ነበር። አዲሱ ሕግ ያንን አስቀርቶ ለግዛቶች በድምሩ በዓመት 16.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በጥቅል እንዲሰጥ ወሰነ። ይህም ገንዘብ በበጀት መዝገብ ግዴታዊ ተብሎ ይጻፋል። ነገር ግን ከዋጋ ንረት ጋር ስላልተያያዘ መጠኑ ዛሬም ያው ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ዶላሩ ራሱ የመግዛት አቅሙን ግማሽ ያህል አጥቷል። ድሃ ቤተሰቦች የሚደርሳቸው በግማሽ ይቀነስ ብሎ ድምፅ የሰጠ እንደራሴ የለም። ሁለት ግዴታዊ ወጪዎች፣ በአንዱ ዝምታ ያሳድጋል፣ በሌላው ይበላል። ስሙ ብቻውን ምንም አይነግረንም የምለው ለዚህ ነው።

ግዴታው የማን እንደሆነም መጠየቅ ተገቢ ነው። ግዴታው ግምጃ ቤቱን ያስራል፣ ሕግ አውጪውን ግን አያስርም። ይህንን ከማንም በላይ የተማሩት በ1913 ከቡልጋሪያ የመጡት ኤፍራም ኔስተር ናቸው። እኚህ ሰው ለ19 ዓመታት ያህል የሶሻል ሴኩሪቲ ግብር ከፍለው በ1955 ጡረታ ሲወጡ በወር 55 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይከፈላቸው ጀመር። በ1956 ግን በ1930ዎቹ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ ተብለው ከአገር ተባረሩ፤ በ1954 የወጣ ሕግ በዚህ ምክንያት የተባረረ ሰው ጡረታው እንዲቋረጥ ያዝዝ ስለነበር ክፍያው ቆመ። አባልነታቸው ያኔ ሕገ ወጥ አለመሆኑ አልጠቀማቸውም። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1960 በ5 ለ4 ድምፅ ተፈረደባቸው፤ የፍርዱ ፍሬ ነገር ግብር የከፈለ ሰው ጡረታውን እንደ ንብረቱ ሊጠይቅ የሚችልበት የተረጋገጠ መብት የለውም የሚል ነው። በ1935 የወጣው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግም ራሱ ኮንግረስ ማንኛውንም ድንጋጌ የመለወጥና የመሻር ሥልጣኑን እንደያዘ አስቀድሞ ጽፎታል። በ1983 ሙሉ ጡረታ የሚገኝበት ዕድሜ ከ65 ቀስ በቀስ ወደ 67 ከፍ እንዲል የተደረገውም በዚሁ ሥልጣን ነው፤ በ1960 የተወለደ ሰው ሕጉ ሲወጣ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ ሁለት የጡረታ ዓመቶቹ ተቆርጠውበታል።

እስካሁን የተነሣው የቃል ጉዳይ ሊመስል ይችላል። የቃል ጉዳይ ብቻ አለመሆኑ የሚታየው ሁለት ችግሮች በአንድ ቤት ውስጥ ሲገኙ ነው። ሁለት ልጆች ያሏት፣ ገቢዋ ዝቅተኛ የሆነ እናት ምግብም ቤትም ያስፈልጋታል እንበል። በተለምዶ ፉድ ስታምፕ የሚባለውን የምግብ ድጎማ ብትጠይቅ ሕጉ የገቢዋን ልክ አይቶ፣ ከተጣራ ገቢዋ 30 በመቶውን ለምግብ ታውለዋለች ብሎ አስቦ የጎደለውን ይሞላላታል። መስፈርቱን እስካሟላች ድረስ የዘንድሮው ገንዘብ አልቋል የሚላት የለም። ያችው እናት ሴክሽን ኤይት በመባል የሚታወቀውን የቤት ኪራይ ድጎማ ብትጠይቅ ስሌቱ የሚገርም መመሳሰል አለው፤ እዚህም ከገቢዋ 30 በመቶ ያህሉን ለኪራይ ትከፍላለች፣ ቀሪውን መንግሥት ይሸፍናል። ልዩነቱ ይህኛው ፈቃዳዊ ወጪ መሆኑ ነው። ኮንግረስ በዓመቱ የመደበው ገንዘብ የሚበቃው ለተወሰነ ቁጥር ቤተሰብ ብቻ ስለሆነ እናቲቱ ስሟን ተራ መጠበቂያ ዝርዝር ላይ ታስመዘግባለች፣ ዝርዝሩም ራሱ ካልተዘጋ ነው። በፌዴራሉ የኪራይ ድጎማ የሚጠቀመው ብቁ ከሆኑት ቤተሰቦች አራተኛው እጅ ያህል ነው፤ ሌሎቹ ዓመታት ይጠብቃሉ፣ ወይም ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። ምግብ ከመጠለያ ይበልጣል ብሎ የወሰነ አካል የለም። አንዱ ሕግ ሲጻፍ ብቁ ለሆነ ሁሉ ተባለ፣ ሌላው ሲጻፍ ገንዘቡ እስከፈቀደ ድረስ ተባለ።

ኢኮኖሚው ሲታመም ልዩነቱ የበለጠ ይገለጣል። በ2008 በፉድ ስታምፕ ይረዳ የነበረው 28 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በ2013 ከ47 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። በዚያ መካከል ኮንግረስ የተረጂው ቁጥር ይጨምር ብሎ መሰብሰብ አላስፈለገውም፤ ሰዎች ሥራቸውን ባጡ ቁጥር ሕጉ ራሱ በሩን ከፈተላቸው። የኪራይ ድጎማው እንዲህ ዓይነት በር የለውም። እዚህ ላይ ከሁለቱም ክፍሎች ውጪ የሆነ ሦስተኛ ዓይነት ገንዘብ መጥቀስ ግድ ይላል። ቤት የገዛ ሰው እስከ 750 ሺህ ዶላር በሚደርስ የቤት ብድር ላይ የሚከፍለውን ወለድ ከታክስ ስሌቱ መቀነስ ይችላል። ይህ ቅናሽ ከግምጃ ቤቱ አንጻር ሲታይ እንደማንኛውም ወጪ ነው፤ ነገር ግን ወጪ ተብሎ ስለማይመዘገብ ፈቃዳዊም ግዴታዊም አይባልም። በየዓመቱም ድምፅ አይሰጥበትም። ስለዚህ ተከራይዋ ተራ ስትጠብቅ ባለቤቱ ተራ የለበትም፤ መጠለያን በሚመለከት አገሪቱ የመረጠችው ዝምታ ለማን እንደሚያደላ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

በጦርነት የቆሰለ የቀድሞ ወታደርም በራሱ አካል ላይ ሁለቱን ክፍሎች ተሸክሞ ይዞራል። ለጉዳቱ በየወሩ የሚሰጠው የካሳ ክፍያ ግዴታዊ ነው፤ ያንኑ ጉዳት የሚያክመው ሆስፒታል ግን በአብዛኛው የሚተዳደረው በፈቃዳዊ በጀት ነው። ኮንግረስ የወታደሮቹ ሕክምና በየዓመቱ የበጀት ክርክር መያዣ እንዳይሆን ሲል በ2009 ባወጣው ሕግ የቀጣዩ ዓመት የሕክምና በጀት አንድ ዓመት ቀድሞ እንዲመደብ አደረገ፤ በ2022 ደግሞ በመርዛማ ጭስና ኬሚካል ለተጎዱት ወታደሮች የተለየ ፈንድ አቋቁሞ ገንዘቡን ወደ ግዴታዊው ወገን አሻገረው። ወታደሮቹ የሚሰማላቸው ጠበቃ ስላላቸው ዝምታውን ቀስ በቀስ ወደ ራሳቸው ማዘንበል ችለዋል። ይህን በቅናት አልናገርም፤ መንገዱ እንዳለ ለማሳየት ነው።

የበጀት ሕግ ሳይጸድቅ ቀርቶ የመንግሥት ሥራ ሲዘጋ ደግሞ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው አጥር ለሁሉም ሰው በዓይን ይታያል። ከዲሴምበር 2018 እስከ ጃንዋሪ 2019 ለ35 ቀናት፣ ከዚያም ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ለ43 ቀናት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ያለ በጀት ቆይተዋል። በሁለቱም ጊዜ የጡረታ ቼክ አልተቋረጠም። በ2025ቱ ጊዜ ግን አንድ የሚያሳቅቅ ነገር ነበር፤ ቼኩ ግዴታዊ ነው፣ ቼኩን የሚያዘጋጀው የሶሻል ሴኩሪቲ ሠራተኛ ደመወዝ ግን ፈቃዳዊ ነው፤ ስለዚህ ሠራተኛው ለሌላው ሰው ገንዘብ በሰዓቱ እየላከ እሱ ራሱ ያለ ደመወዝ ይሠራ ነበር።

ፉድ ስታምፕ ላይ የደረሰው ከዚህም የከፋ ነው። ከላይ ግዴታዊ ነው ብዬዋለሁ፤ ነውም። ብቁ የሆነ ሁሉ ይከፈለው የሚለው ሕግ ቋሚ ነው፣ ገንዘቡ ግን በየዓመቱ በግብርናው የበጀት ሕግ ውስጥ ማለፍ አለበት። መብቱ በአንድ እጅ የተሰጠ፣ ቁልፉ በሌላው እጅ የቀረ ዓይነት ነው። ይህ የሕግ አንቀጽ ላይ ያለ ስፌት ለብዙ ዓመታት የበጀት ባለሙያዎች ብቻ የሚያውቁት ዝርዝር ጉዳይ ነበር። በኖቬምበር 2025 ግን 42 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የወሩ ክፍያ በሰዓቱ ሳይደርሳቸው ሲቀር፣ ነገሩም ወደ ፍርድ ቤት ሲሄድ ስፌቱ በአደባባይ ተተረተረ። ሜዲኬይድ በተመሳሳይ መንገድ የሚመደብ ቢሆንም የቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያ ሩብ ገንዘብ አስቀድሞ ስለሚሰጠው ችግሩ አልደረሰበትም። አንዱን ፕሮግራም ለሦስት ወር የሚያሳድረው አንድ አንቀጽ ለሌላው አልተጻፈለትም፤ ልዩነቱ ይህን ያህል ቀጭን ነው።

አጥሩ ይህን ያህል ቀጭን ከሆነ ጉልበት ያለው ሰው መዝለሉ አይቀርም። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ትልቁ የታክስና የወጪ ሕግ ለመከላከያ 150 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ አይስ በመባል ለሚታወቀው የኢሚግሬሽን አስከባሪ መሥሪያ ቤት ደግሞ 75 ቢሊዮን ገደማ ለዓመታት በሚቆይ መልኩ ሰጥቷል። መከላከያ የፈቃዳዊ ወጪ ዋነኛ ምሳሌ ሆኖ ሲጠቀስ የኖረ ነው። ዓመታዊው የበጀት ሕግ በሴኔቱ ለማለፍ በተግባር 60 ድምፅ ይፈልጋል፤ ይህኛው ሕግ ግን በቀላል አብላጫ በሚያልፈው ሪኮንሲሊዬሽን በተባለው አሠራር ስለጸደቀ ገንዘቡ በመዝገብ ላይ ግዴታዊ ሆኖ ሰፈረ። በሌላ አባባል ሁለት መሥሪያ ቤቶች ከዓመታዊው ጥያቄና መልስ ለጥቂት ዓመታት ነጻ ወጡ። በተቃራኒው አቅጣጫ የሚዘለልም አለ። በ1984 የተቋቋመው የወንጀል ተጎጂዎች ፈንድ ገንዘቡን የሚያገኘው ከግብር ሳይሆን በፌዴራል ወንጀል ከተፈረደባቸው ሰዎችና ድርጅቶች ቅጣት ነው፤ ኮንግረስ ግን ከፈንዱ በዓመት ሊወጣ የሚችለውን ይገድብና ያልወጣውን ገንዘብ ቁጠባ ብሎ ቆጥሮ በፈቃዳዊው ወገን ሌላ ወጪ ያስፈቅድበታል። ገንዘቡ ካለበት አልተነቃነቀም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ያው ገንዘብ እንደገና ይቆጠባል። ነጋዴ ደብተሩን እንዲህ ቢይዝ መዘዙ ብዙ ነበር።

ግዴታዊ ወጪን የሚተቹ ሰዎች የሚያነሡት ነጥብ ግን ቀላል አይደለም፣ ማለፍም አልፈልግም። በ1962 ከፌዴራሉ ወጪ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በየዓመቱ የሚወሰን ነበር፤ በ2024 ከአራት አንድ እጅ ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ሆኗል። በ2024 ወደ ግምጃ ቤቱ የገባው ገቢ 4.9 ትሪሊዮን ዶላር ሲሆን ግዴታዊው ወጪና ወለዱ ብቻ ተደምረው 5 ትሪሊዮን ያህል ነበሩ። ስለዚህ ዛሬ የተመረጠ እንደራሴ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የዓመቱ ገቢ ከእሱ በፊት በነበሩ፣ ብዙዎቹም በሞቱ ሰዎች ውሳኔ ተበልቶ ያገኘዋል፤ እሱ የሚወስንበት ሁሉ በብድር የሚሸፈን ነው ማለት ይቻላል። ይህ ለዴሞክራሲ ጥሩ ነው ብሎ መከራከር ያስቸግራል።

ሆኖም መፍትሔው ሁሉንም ወደ ዓመታዊ ድምፅ መመለስ ነው የሚሉትን አልከተላቸውም። የ75 ዓመት ሰው ጡረታው ቢቀነስበት ሠላሳ ዓመት ወደኋላ ተመልሶ ሊቆጥብ አይችልም፤ ለዚህ ዓይነት ሰው የሚገባ ገንዘብ በየኦክቶበሩ ድርድር ላይ መቀመጡ ጭካኔ ነው። ኮንግረስ ዓመታዊ የበጀት ሕጎቹን ሁሉ በጊዜያቸው ያጠናቀቀው ለመጨረሻ ጊዜ ለ1997 የበጀት ዓመት መሆኑን ስናስታውስ ደግሞ ሐሳቡ ከጭካኔም አልፎ ቀልድ ይሆናል።

ከዚህ ይልቅ ቀበቶ አጥብቁ ሲባል በአንድ ወገብ ላይ ብቻ መጥበቁ ይቅር እላለሁ። የ2011ዱ የበጀት ቁጥጥር ሕግ ጣሪያ ያበጀው ለፈቃዳዊው ወጪ ነበር፤ በ2013 ሕጉ ያስከተለው የጅምላ ቅነሳ ሲመጣም ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬይድ አልተነኩም፣ የሜዲኬር ቅነሳ ከ2 በመቶ እንዳያልፍ ተደረገ፣ ምርምሩና የሕፃናት ትምህርቱ ግን ያለ ርኅራኄ ተቆረጠ። ከምርጫው በኋላ መስክ የመሩት የወጪ ቅነሳ ዘመቻም ያንኑ መንገድ ተከተለ። የውጭ እርዳታ የሚያከፋፍለው ዩኤስኤአይዲ ጁላይ 1 ቀን 2025 ሥራው አበቃ፤ የውጭ እርዳታ ሁሉ ተደምሮ ከበጀቱ አንድ በመቶ ገደማ ነው። በዚያው የበጀት ዓመት የመንግሥት ጠቅላላ ወጪ ወደ 7 ትሪሊዮን ዶላር ከፍ ብሏል። መጋዙ የተሳለው ዝም ሲባል በሚቆመው ቅርንጫፍ ላይ ነበር፣ ግንዱ ግን ዝም ሲባል ያድጋል።

እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲመረመር፣ ስሙን ትቶ፣ ምክር ቤቱ አሥር ዓመት ዝም ቢል ምን እንደሚደርስበት በግልጽ ቢጻፍለት ብዙ የሚጠራ ነገር አለ። የኪራይ ድጎማው ያኔ ከፉድ ስታምፕ አጠገብ ይቀመጣል፣ የቤት ብድሩ ቅናሽም ወጪ መሆኑ ይታያል፣ በ1996 የታሰረው 16.5 ቢሊዮን ዶላር እየሟሟ መሆኑ በየዓመቱ ይነበባል። ጡረታውም ከዚህ ምርመራ አያመልጥም። የሶሻል ሴኩሪቲ ባለአደራዎች በ2025 ባወጡት ሪፖርት መሠረት የጡረታው ፈንድ መጠባበቂያ በ2033 ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ የሚገባው ግብር የሚሸፍነው የተገባውን ክፍያ 77 በመቶ ብቻ ነው፤ ሕጉም ፈንዱ ውስጥ የሌለን ገንዘብ መክፈል አይፈቅድም። ከ1975 ጀምሮ ዝም ሲባል እያደገ የመጣው ቼክ በዚያ ዓመት ዝም ከተባለ በአንድ ጊዜ በ23 በመቶ ይወርዳል። በ2028 የሚመረጡት ሴናተሮች ይህ ሲሆን ገና የስድስት ዓመት ዘመናቸውን አልጨረሱም።